በእኛ ስም የተዘፈነ ሃያ ደቂቃ

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ለንደን ውስጥ ዌምብሌይ በተባለው ስታዲየም 72 ሺህ ያህል ሰው ከቀትር ጀምሮ በፀሐይ ቆሞ ሙዚቃ ይሰማል። ከአትላንቲክ ማዶ፣ ፊላደልፊያ ላይም ሌላ ስታዲየም ሞልቷል። ሁለቱን መድረኮች ሳተላይት ያገናኛቸዋል። በ150 ያህል አገሮች ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ሳይመለከተው አልቀረም ተብሎ ይገመታል። የዚህ ሁሉ ግርግር ምክንያት እኛ ነን። የሰባ ሰባቱ ረሃባችን።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት 13 ቀን ነው። የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም የዚያን ዕለት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። (አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ካከበረች ገና ወር ከምናምኗ ነበር።) ፊልሙን ካዩት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የሚባል አየርላንዳዊ ዘፋኝ ነው። እሱም ጓደኞቹን ሰብስቦ “ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?” የሚል ሸክላ አስቀረጸ። ክርስትናን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለተቀበለ አገር የሚቀርብ ጥያቄ አልነበረም፤ ግን ይሁን፣ የተራበ ሰው በርዕስ አይከራከርም። ከሸክላው ቀጥሎ የመጣው ያ የቅዳሜ ኮንሰርት ነው። ስሙን “ላይቭ ኤድ” አሉት።

በለንደን ሰዓት ከምሽቱ 12፡41፣ በእኛ ደግሞ ከምሽቱ 2፡41፣ አራት ሰዎች መድረኩ ላይ ወጡ። ከፊት ያለው ባለ ጢም ነው፤ ነጭ ካናቴራና ጂንስ ሱሪ ለብሷል። ፒያኖው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ወረዱ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሙዚቃ ባለሙያዎችን ድምፅ ሲያሰባስብ፣ በሮክ ታሪክ ከታዩት የመድረክ ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ተብሎ የተመረጠው ያ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ባንዱ ክዊን ነው። ባለ ጢሙ ፍሬዲ ሜርኩሪ።

እኔ ዛሬ የማወራችሁ እነዚያ ደቂቃዎች ከየት እንደመጡ ነው። አንድ ባንድ በሃያ ደቂቃ ታላቅ አይሆንማ! አሥራ አምስት ዓመት ሲሰበሰብ የቆየ ነገር ነው በሃያ ደቂቃ ውስጥ የፈሰሰው።

ሙዚቃን የሚተቹት የዘመኑ ጋዜጠኞች ክዊንን አይወዷቸውም ነበር። ክሳቸው ብዙ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ “እነዚህ ሰዎች መልክ የላቸውም። ዛሬ ሮክ፣ ነገ ኦፔራ፣ ከነገ ወዲያ ዲስኮ። ምን ብለን እንጥራቸው?” እውነት ነው፣ ለመጥራት ያስቸግራሉ። እኔ ደግሞ ትልቅነታቸው እዚያው ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሰዎቹን እንያቸው። ፍሬዲ የእንግሊዝ ልጅ ነው የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የተወለደው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ዛንዚባር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ፋሮክ ቡልሳራ ነው። ወላጆቹ ከህንድ የመጡ፣ የዞሮአስተርን እምነት የሚከተሉ ፓርሲዎች ናቸው። አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበር። ልጁን ህንድ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ፒያኖ የተማረውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ሻንጣውን ሸክፎ ለንደን ገባ። ስደተኛ ነው ማለት ነው። ሥዕልና ንድፍ ተማረ፣ ከባንዱ ድራም መቺ ከሮጀር ቴይለር ጋር ገበያ ውስጥ አሮጌ ልብስ ሸጠ። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ጊታሩን የሠራው ከአባቱ ጋር ሆኖ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ይጫወታል፤ ክሩን የሚመታውም በፕላስቲክ ሳይሆን በሳንቲም ነው። የከዋክብት ጥናት ተማሪ ነበር። ለሙዚቃ ሲል ያቋረጠውን የዶክትሬት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመልሶ ጨረሰው። መጨረሻ የገባው ቤዝ ጊታሪስቱ ጆን ዲከን የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነው፤ ዝምተኛ።

አራቱም ዜማና ግጥም ይጽፋሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። በአብዛኞቹ ባንዶች አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጽፋል፣ ሌላው ያጅባል። ክዊን ውስጥ ግን ከአራቱ እያንዳንዱ ዓለም ያወቀው ዘፈን አለው። አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ከወጡላቸው ሁለት ዘፈኖች አንዱን የደረሰው ያ ዝምተኛው ዲከን ነው። “አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት” ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ። ጥቁር አሜሪካውያን የሚጨፍሩበት ፈንክ ነው፤ ዘፈኑን የተሸከመው የቤዝ ጊታሩ ምልልስ ነው። አንዳንድ የጥቁሮች ሬዲዮ ጣቢያዎች የነጭ ባንድ መሆኑን ሳያውቁ ያጫውቱት ነበር ይባላል። ሌላው አንደኛ የወጣው የፍሬዲ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ የኤልቪስ ስልት የተሠራ ቀላል ዘፈን ነው። የአንድ ባንድ፣ ያውም የአንድ አልበም ዘፈኖች ናቸው!

ወደ ኋላ እንመለስና፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትን “ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ” የተባለ አልበም ብታዳምጡ አንዱ የድሮ የእንግሊዝ አዝማሪ ቤት ጨዋታ ይመስላል፣ አንዱ መርከበኞች በጊታር የሚያንጎራጉሩት የገጠር ዘፈን ነው፣ አንዱ በበገና መሰሉ ሃርፕ የታጀበ የፍቅር እንጉርጉሮ ነው። አንዱ ላይ ደግሞ ሙሉ የጃዝ ኦርኬስትራ የሰማችሁ ይመስላችኋል፤ ጥሩምባ የለም፣ ክላርኔት የለም፣ ሁሉንም የሚያሰማው የብራያን የምድጃ እንጨት ጊታር ነው። “ቦሄሚያን ራፕሶዲ” ያለው እዚሁ ላይ ነው። 5 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ። ዘፈኑ በፒያኖ ይጀምራል፣ ልጅ ለእናቱ የሚናዘዝ ዓይነት። መሀሉ ላይ በድንገት ኦፔራ ይሆናል፤ ከዚያ ከባድ ሮክ፤ ከዚያ እንደ ጀመረ ዝም ብሎ ይጠፋል። አዝማች የሚባል ነገር የለውም። የኦፔራውን ክፍል የዘፈኑት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ድምፃቸውን እየደራረቡ እየደራረቡ መዘምራን አደረጉት። የዛሬው ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን የቴፑ ክር በድግግሞሹ ብዛት ተልጦ ብርሃን እስኪያስተላልፍ ድረስ መቅዳታቸው ይነገራል። የሸክላ ኩባንያው ሰዎች “ይህን ማንም ሬዲዮ አያጫውተውም” አሉ። አንድ የለንደን ሬዲዮ አዘጋጅ በሁለት ቀን 14 ጊዜ አጫወተው። እንግሊዝ ውስጥ 9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከረመ።

ሁሉም ሙከራቸው ተሳክቷል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡትን “ሆት ስፔስ” የተባለ የጭፈራ አልበም እኔ ዛሬም አልወደውም፤ ብዙ አድናቂዎቻቸውም ያኔ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸዋል። አሜሪካ ፊቷን አዞረችባቸው። እንግዲህ ላይቭ ኤድ የደረሰው “አብቅቶላቸዋል” በሚባልበት ሰሞን ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። ኮረም የተቀረጸበት ያው ኦክቶበር 1984፣ ክዊን የት እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ። የአፓርታይድ መንግሥት “ነፃ አገር” ብሎ በፈጠራት፣ ዓለም ባልተቀበላት ቦፉታትስዋና ውስጥ የተሠራ የቁማርና የመዝናኛ ከተማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት “ከዚያ አገር ጋር የባህል ግንኙነት ይቋረጥ” ካለ ቆይቷል። እነሱ ግን ሄዱና ዘፈኑ። “እኛ ፖለቲካ ውስጥ የለንም፤ ሊሰማን ለመጣ ሁሉ እንጫወታለን” ብለው ተከራከሩ። የአገራቸው የሙዚቀኞች ማኅበር ቀጣቸው፣ ስማቸውም በተባበሩት መንግሥታት ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ ለእኛ ይከብዳል። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኮልፌ ነው። ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ያቆመች አገር ኢትዮጵያ ናት። እና ያው ባንድ ነው ከዘጠኝ ወር በኋላ በእኛ ስም መድረክ ላይ የወጣው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ፍሬዲ የተሠራውን ታዋቂ ፊልም ያያችሁ፣ ሰን ሲቲ የሚለውን ስም አንዴም አልሰማችሁም። ፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለላይቭ ኤድ እንደታረቀ ያስመስላል፤ ሐሰት ነው፣ እስከ ሜይ 1985 ድረስ አብረው ጃፓንና አውስትራሊያ ሲዞሩ ነበር። ፍሬዲ መታመሙን አውቆ እንደዘፈነም ያሳያል፤ የቅርብ ሰዎቹ እንደሚሉት ግን ያወቀው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያልነበረ እንባ ተጨምሮ የነበረ ኃፍረት ተቀነሰ። ሜይና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕታውን ላይ ለማንዴላ የኤድስ ዘመቻ መጫወታቸውን ግን መናገር ተገቢ ነው።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ።

ሌሎቹ አዲስ አልበማቸውን ሊያስተዋውቁ፣ ወይ ረጅም ንግግር ሊያሰሙ ሲሞክሩ፣ ክዊን ለቀናት አንድ የለንደን ቲያትር ቤት ውስጥ ተዘግተው ሃያውን ደቂቃ በሰዓት እየለኩ ተለማምደዋል። ስድስት ዘፈን ቆራርጠው ቀጣጠሉ። “ቦሄሚያን ራፕሶዲ”ን የጀመሩት በፒያኖው ክፍል ብቻ ነው፤ ኦፔራው በመድረክ የሚሆን አይደለም፣ በራሳቸው ኮንሰርትም እነሱ ወደ ጓዳ ገብተው በቴፕ ነው የሚያሰሙት። ከዚያ የሮጀር “ሬዲዮ ጋ ጋ” መጣ። አዝማቹ ላይ 72 ሺህ ሰው እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፤ ማንም አላዘዘውም፣ ከቪዲዮው ላይ ያጠናው ነው። ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት፤ ንፋስ የሚያወዛውዘው የስንዴ ማሳ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ፍሬዲ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ያለ ቃል፣ ድምፁን ብቻ እየወረወረ ሕዝቡ እንዲመልስለት አደረገ። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። የቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ አውራጅ ነው፣ ሌላው ተቀባይ። ፍሬዲ አውራጅ ሆነ፤ ስታዲየሙ ተቀባይ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከፍ ይላሉ፣ ሲያጣምመው ያጣምሙታል። ከዚያ ከባዱ የብራያን ሮክ፣ ከዚያ የኤልቪስ ዓይነቱ ጨዋታ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1977 የወጡት ሁለቱ መንትዮች። አንደኛው፣ ብራያን ሕዝብ በእግሩና በእጁ እንዲጫወተው ብሎ የጻፈው፣ ሁለት ጊዜ መሬት መርገጥ አንዴ ማጨብጨብ የሆነው ነው። ሌላው በየዋንጫው ፍጻሜ የምትሰሙት “ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ” ነው።

“መልክ የላቸውም” ያሏቸው ተቺዎች ያልገባቸው ይህ ይመስለኛል። ያ ሕዝብ የእነሱን ትኬት ገዝቶ የመጣ አልነበረም። ኮንሰርቱ ሲታወጅ ክዊን መኖራቸው እንኳ ገና አልተነገረም። ከፊታቸው የቆመው የሁሉም ዓይነት ሙዚቃ ወዳጅ ነው። አንድ መልክ ብቻ ያለው ባንድ የዚያን ሕዝብ ሲሶ ይይዝ ነበር። እነሱ ለእያንዳንዱ የሚሰጡት ነበራቸው።

በዚያው ምሽት መገባደጃ ላይ ፍሬዲና ብራያን ብቻቸውን ተመልሰው ነበር። አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፤ ስለተራቡ ሕፃናት የሚናገር አጭር ዘፈን። ከረሃቡ ፊልም በፊት የወጣ ነው፣ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ከሃያው ደቂቃ ይልቅ እኔን የሚነካኝ ግን እሱ ነው።

ፍሬዲ በቀጣዩ ዓመት ቡዳፔስት ሄዶ፣ በሶሻሊስት ሃንጋሪ ስታዲየም፣ የአገሬውን ባህላዊ ዘፈን ቃሉን መዳፉ ላይ ጽፎ በሃንጋሪኛ ዘፈነላቸው። ከዚያ ደግሞ ከስፔናዊቷ የኦፔራ ድምፃዊት ከሞንሴራት ካባዬ ጋር “ባርሴሎና”ን ሠራ። የሮክ ዘፋኝ ከኦፔራ ንግሥት ጎን ቆሞ የማያፍርበት ሥራ ነው። በባርሴሎና ኦሊምፒክ መክፈቻ አብረው እንዲዘፍኑት ታስቦ ነበር፤ ግን ኅዳር 14 ቀን 1984 ዓ.ም. በኤድስ ሞተ። 45 ዓመቱ ነበር። ኦሊምፒኩ ላይ የተሰማው የተቀዳው ድምፁ ነው።

በዚያ ኦሊምፒክ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትር አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ናት፤ አገሯ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከራቀችበት ኦሊምፒክ መመለሷ ነበር። ደራርቱ መጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀቻትና እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ዘፈኑን የማታውቁት ካላችሁ ፈልጋችሁ ስሙት። የሴትየዋ ድምፅ እስኪገባ ድረስ ግን እንዳትዘጉት።