ስምንት ኩንታል ከ19 ኪሎ

ስምንት ኩንታል ከ19 ኪሎ። የአንድ ገበሬ የጤፍ ምርት አይደለም የምነግራችሁ፤ በአንድ ዘንግና በአንድ ክር ከባሕር የወጣች የአንዲት ዓሣ ክብደት ነው። ጠጋ በሉና ላውጋችሁ።

ዘመኑ በእኛ 1962 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1970፣ ወሩ ሰኔ ነው። አገሩ ሃዋይ፣ ደሴቱ ኦዋሁ። ከሆኖሉሉ ከተማ ዳር ኬዋሎ የሚባል ትንሽ ወደብ አለ። በዋይኪኪ ሆቴሎች ያረፈ እንግዳ «ዛሬስ ባሕር ወጥቼ ዓሣ ላጥምድ» ሲል ጀልባ የሚኮናተረው ከዚያ ነው። ከጀልባዎቹ አንዷ «ኮሪን ሲ» ትባላለች፤ ካፒቴኗ ኮርኔሊየስ ቾይ ናቸው። ረዳታቸው የተቀጠረ ጎረምሳ አይደለም፤ የገዛ ልጃቸው ናት። አባት መሪውን ይይዛሉ፣ ልጅ ክርና መንጠቆውን ታሰናዳለች።

የኮንትራት ጀልባ ውሎ ምን እንደሚመስል ላላየው ልንገር። ጎሕ ሲቀድ ይወጣል። ተሳፋሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ባሕርን የማያውቁ ናቸው፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ አለዚያም ለዕረፍት አብረው የመጡ ወዳጆች። ማዕበሉ ገና ሲያወዛውዛቸው የሚያስመልሳቸው አሉ። ጀልባዋ አትቆምም፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደች ከኋላዋ አራት አምስት ክር ትጎትታለች። ክሮቹ እርስ በርስ እንዳይተበተቡ ከጀልባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ክንፍ ሆነው ይዘረጋሉ። ከየክሩ ጫፍ የተንጠለጠለው እውነተኛ ዓሣ ላይሆን ይችላል። ሃዋዮች ከሙጫ የተቀረጸ ራስና ከጎማ የተሠራ ቀሚስ ያለው ማታለያ ይወዳሉ፤ ውሃውን እየሰነጠቀ አረፋ ሲያስነሳ የሚሸሽ ዓሣ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ካፒቴኑ ሰማዩን ያያሉ፤ ወፎች አንድ ቦታ ላይ የሚያንዣብቡ ከሆነ ከሥራቸው ትናንሽ ዓሦች አሉ፣ ትናንሾቹ ባሉበት ደግሞ ትልልቆቹ አይጠፉም። ሰዓታት ይሄዳሉ። ሕፃናቱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ድንገት ማጠንጠኛው ይጮኻል፤ ክሩ እሳት እንደያዘው ወደ ባሕር ይሮጣል። ያን ጊዜ የረዳቷን ሥራ ማየት ነው። ሌሎቹን ክሮች ባንድ ትንፋሽ ትሰበስባለች፣ እንግዳውን ከጀልባዋ ወለል በተተከለው ወንበር ታስቀምጣለች፣ ዘንጉን ታስጨብጠዋለች፤ አባቷም ዓሣው ወደሄደበት አቅጣጫ ጀልባዋን ያዞራሉ።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያስፈራው መጨረሻው ነው። ዓሣው ከጎን ሲደርስ ረዳቱ ጓንት በለበሰ እጁ የክሩን ጫፍ ጨብጦ ይስባል። ክሩ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ሳለ ዓሣው ዳግመኛ ወደ ጥልቁ ቢወረወር ሰውየውን ይዞት ይወርዳል። እንዲህ ከጀልባ ተስበው የወደቁ ረዳቶች አሉ። ልጅን እንዲህ ባለ ሥራ ላይ አሰማርቶ ከመሪው ጀርባ ማየት ለአባት ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል። በብዙ የሃዋይ ጀልባዎች ግን ሙያው የሚወረሰው እንዲሁ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ጎን ቆሞ እጁን እያየ።

በዚያ የሰኔ ቀን የ«ኮሪን ሲ»ን መንጠቆ የጎረሰችው ሰማያዊ ማርሊን የምትባል ዓሣ ነበረች። የላይኛው መንጋጋዋ እንደ ጦር የሾለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደ ጦር አትወጋበትም፣ እንደ ጎራዴ ግራና ቀኝ እየመታች ዓሣውን ታደነዝዝበታለች። ከዓይኗ ጡንቻ የተለወጠ ማሞቂያም አላት። ዓይኗንና አንጎሏን ከባሕሩ ይልቅ ሞቅ አድርጎ ስለሚያቆይላት በቀዝቃዛው ጥልቀት እንኳ አጥርታ ታያለች። ለአደን ስትነሳ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመሮች ይበራሉ፤ ስትሞት ያ ብርሃን ይጠፋል።

«እሷ» ማለቴ ለአነጋገር ውበት አይደለም። በዚህ ዘር ግዙፎቹ ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዱ ከአንድ ኩንታል ተኩል ብዙም አያልፍም። ስምንት ኩንታል የደረሰች ማርሊን በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ስትጥል የኖረች እናት ናት። ሰዎቹ «የቾይ ጭራቅ» ብለው ሰየሟት። ስሙ እስከ ዛሬ የምትጠራበት ቢሆንም እኔን ደስ አይለኝም።

እንግዶቹ ዘንጉን እየተቀባበሉ ታገሏት። ወደ ምድር ወጥታ ስትመዘን 1,805 ፓውንድ፣ ማለትም ያ ስምንት ኩንታል ከ19 ኪሎ ሆነች። ሆዷ ውስጥም አንድ ግዙፍ ቱና ተገኘ። በዘንግና በክር ከተያዙት ማርሊኖች ሁሉ ትልቋ እየተባለች ዛሬም ትወራለች።

ከክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ግን የለችም። በ1939 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ዓሣው ከጎረሰበት ጊዜ አንስቶ ዘንጉንም ማጠንጠኛውንም ከአንድ ሰው በቀር ማንም መንካት የለበትም። ሁለተኛ እጅ ካረፈበት ክብረ ወሰንነቱ ቀረ። ስለዚህ የፓስፊክ ሰማያዊ ማርሊን ክብረ ወሰን ሆኖ የተመዘገበው በ1982 እ.ኤ.አ. እዚያው ሃዋይ፣ ኮና አጠገብ የተያዘው 624 ኪሎ ነው። ከቾይ ጀልባ ዓሣ ሁለት ኩንታል ለመሙላት ጥቂት ኪሎ ብቻ የቀረው ልዩነት አለው።

ደንቡ ትክክል ነው እላለሁ። አንድ ሰው ከአንድ ዓሣ ጋር የገጠመበትን ለመመዝገብ ከተፈለገ ሌላ መንገድ የለውም። የኮንትራት ጀልባ ግን የተሠራው ለአንድ ሰው አይደለም። ገንዘቡን አዋጥተው የተሳፈሩ ሰዎች አንዱ ክንዱ ሲዝል ሌላው ቢተካው ምን ነውር አለው? አባት ለልጁ «ያዘው እስቲ፣ ይሰማህ» ብሎ ዘንጉን ባያቀብለው ነበር የሚያሳዝነው። ለቤተሰብ ጉዞ እኔ የምመርጠው መቀባበሉን ነው።

እንዲህ ያለችን እናት ዓሣ ስለ ገደሉ በያኔው ካፒቴን አልፈርድባቸውም። በሃዋይ ወግ የተያዘው ዓሣ የጀልባዋ ነው፤ ተሽጦ ነዳጅ ይሆናል፣ የደሴቱ ሰውም ማርሊንን ጥሬውንም በጭስ ያደረቀውንም ይበላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንኳ የማርሊንን ሽያጭ ሲከለክል ለሃዋይ ወግ ቦታ ትቶለታል። ዘመኑ ግን እየተለወጠ ነው። ኮስታ ሪካ ማርሊንን ለፎቶ ብሎ ከውሃ ማውጣትን ከልክላለች። ለእኛ ቅርብ በሆኑት በኬንያዎቹ ማሊንዲና ዋታሙ ዓሣው ላይ ቁጥር ያለው መለያ ሰክቶ መልቀቅ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ያ መለያ ሌላ ቦታ ሲገኝ ዓሣው የተጓዘበትን ርቀት ይናገራል።

መልቀቅም ሙያ ይጠይቃል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ ከሆድ ይልቅ የአፍን ጥግ ስለሚይዝ ቁስሉ ይቀንሳል። ትግሉ በረዘመ ቁጥር ዓሣው ስለሚደክም ቶሎ መጨረስ ይገባል። ከጎን ሲደርስም ጀልባዋ ቀስ ብላ እየሄደች ጦር የመሰለ መንጋጋውን ይዞ ማቆየት ነው፤ ውሃ በስንጥቡ ሲያልፍለት ትንፋሹ ይመለስና ጎኑ መልሶ ይበራል። ያን ጊዜ እጅ ይለቀቃል።

ሃዋይም ይሁን ዋታሙ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጀልባ ለመኮናተር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ካፒቴኑን «ማርሊን ከያዝን እንለቃለን፣ ከውሃም አናወጣም» በሉት። ካልተስማማ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።