ቡናውን ማን ለቀመው? የዘጌ ጉብኝትና ያልተነገረው ታሪክ

ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ አስጎብኚ ይዞ የአንድ ቀን ጉብኝት ቢሻ፣ ብዙውን ጊዜ ማለዳ በጀልባ ጣናን ተሻግሮ ዘጌ ይወርዳል። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ወጣቱ አስጎብኚዬ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች በወጉ አብራራልኝ። በቡናው ጥላ ሥር እየመራኝም፣ በገዳማውያኑ ሥርዓት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል እንደሆነ፣ ደኑም በዚህ እንደተጠበቀ ነገረኝ። እውነት ነው። «ቡናውንስ ድሮ ማን ይለቅመው ነበር?» ስለው ግን፣ «ይህን ያስተማረን የለም» አለኝ።

መልሱ ተጽፏል። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እንዳሳዩት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘጌ ቡና ይለማ የነበረው በባሮችም ጉልበት ነው፤ ከጌቶቻቸውም መካከል ካህናት ነበሩ። ባርነት በአገራችን ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ጥፋቱ የአስጎብኚው አይደለም፤ ጥናቱን ከመደርደሪያ አውርደን ለሕዝብ ያላደረስነው የእኛ የመምህራን ነው። ደኑን ያቆየው ሥርዓት ይመስገን፤ ቡናውን የለቀሙት እጆችም ይዘከሩ።