«ያም ሱፍ»፦ ከቄጠማ ወደ ኤርትራ

ዶራሌ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የኮንቴይነር ወደቡ የኢትዮጵያን ዕቃ ያስተናግዳል። በዛሬው ካርታ ውኃው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ይቈጠራል፤ ቀይ ባሕር የሚጀምረው ከባብ ኤል መንደብ በስተሰሜን ነው። የጥንት ግሪኮች ግን «ኤሪትራ ታላሳ» (ቀይ ባሕር) ሲሉ ይህንን ዳርቻና የሕንድ ውቅያኖስን ጭምር ያጠቃልሉ ነበር። ይኸው ሰፊ ስም በግእዝና በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የአንድ ዕብራይስጥ ሐረግ ፍቺ ሆኖ ገብቷል።

ሐረጉ «ያም ሱፍ» ነው። «ያም» ባሕር ማለት ነው። «ሱፍ» ከአማርኛው «ሱፍ» ጋር ዝምድና የለውም፤ በዘጸአት 2፥3 ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠበትን የወንዝ ዳር ዕፅ ያመለክታል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ «ቄጠማ» ይላል፤ እስራኤል የተሻገሩትን ባሕር ግን «የኤርትራ ባሕር» ይለዋል። ስለዚህ በዕብራይስጥ አንድ የሆነው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ዝምድናው አይታየውም።

ልዩነቱ የመነጨው ከሰብዓ ሊቃናት ትርጕም ነው። የግሪኩ ተርጓሚ በዘጸአት 2 «ሱፍ»ን ረግረግ ብሎ ፈታው፤ «ያም ሱፍ»ን ግን በሚታወቀው የባሕር ስም ተካው። ብሉይ ኪዳንን ከግሪክ የመለሱት የግእዝ ሊቃውንት «ቀይሕ» የሚል የራሳቸው ቃል ሳላቸው የግሪኩን ድምፅ ይዘው «ባሕረ ኤርትራ» አሉ። የቦሐይር ቅብጥ ትርጕም በአንጻሩ ግሪክን ሳይከተል የሸምበቆ ባሕር የሚል ስም ይዟል። ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1534 በታተመው የጀርመንኛ ትርጕሙ ይህንኑ ፍቺ መርጧል።

ሆኖም «የቄጠማ ባሕር» ማለት ብቻ ጥያቄውን አይዘጋም። በ1ኛ ነገሥት 9፥26 የሰሎሞን መርከቦች የተሠሩት በኤላት አጠገብ፣ በ«ያም ሱፍ» ዳር ነው፤ ይህም የአቃባን ባሕረ ሰላጤ ያመለክታል። በዚህ ቍጥር ግሪኩ «የመጨረሻው ባሕር» ይላል፤ ተርጓሚው ቃሉን «ሶፍ» (ፍጻሜ) ብሎ ያነበበው ይመስላል።

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1890 ቅኝ ግዛቷን በዚሁ የግሪክ ስም ከሰየመች ወዲህ «ኤርትራ» የአገር ስም ሆኗል። በጥንታዊ የግእዝ መጽሐፍ «ባሕረ ኤርትራ»ን ያገኘ ተመራማሪ ሐረጉን የዛሬው አገር ባሕር አድርጎ ቢያነብ፣ የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ትርጕም ከሺህ ዓመታት በፊት በተጻፈ ቃል ላይ ይጭናል። በግእዙ ሐረግ ውስጥ ያለው የአገር ስም ሳይሆን የቀለም ስም ነው፤ ከቀለሙም በስተጀርባ ዕብራይስጡ «ሱፍ» አለ።