ከገበያ ድንጋጤ እስከ አዋጅ፦ «ሽብር» የሚለው ቃል

በአማርኛ የፍርሃት ቃላት ማረፊያቸው ይለያያል። ብርክ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ በግእዝ ቃሉ ራሱ ጉልበት ማለት ነው፤ «ተንበረከከ»ም የዚያው ዘር ነው። ድንጋጤ ልብን ይመታል። ሽብር ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ገበያ መሃል አንድ ወይፈን ገመዱን በጥሶ ሲፈተለክ ጤፍ ሻጯ ቁናዋን ጥላ ትሮጣለች፤ ወይፈኑን ያላየውም አብሯት ይሮጣል። ገበያው ተሸበረ የሚባለው ይኼኔ ነው።

«ተሸበረ» ጥፋተኛ አይጠራም፤ «አሸበረ» ሲባል ግን አድራጊ አለ። ቃሉ ወደ ፖለቲካ የገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው፤ መንገዱም ከፈረንሳይ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1793 የፓሪስ አብዮተኞች ጠላትን ማስፈራራትን የመንግሥት ሥራ አደረጉት። በ1794 መሪያቸው ሮቤስፒየር አንገቱ ከተቀላ በኋላ ተቃዋሚዎቹ «ሽብር» ማለት ከሆነው «ቴረር» «ቴሮሪዝም» የሚል የውግዘት ስም አወጡ። የሩሲያ ቦልሼቪኮች ደግሞ በ1918 መሪያቸው ሌኒን በጥይት ሲቆስል ቃሉን የአብዮታቸውን ቀለም ቀብተው «ቀይ ሽብር» አወጁ። የውግዘቱ ቃል እንደገና መፎከሪያ ሆነ።

ደርግ የወረሰው ይህንኑ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሕዝብ ፊት ከሰከሰ። የተቃዋሚው ኢሕአፓ የከተማ ግድያ «ነጭ ሽብር» ተባለ፤ የመንግሥቱ መልስ «ቀይ»። አብዮት ጠባቂዎች «ነፃ እርምጃ» ወሰዱ ሲባል ያለ ፍርድ ገደሉ ማለት ነበር። ቀለሙ ከሩሲያ ይምጣ እንጂ ሬሳ ደጁ ተጥሎ ላገኘ ቤተሰብ ቃሉ ትርጉም አላስፈለገውም። ዛሬ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የቆመው እዚያው አደባባይ ዳር ነው።

በአዋጅ ቁጥር 652/2001 ደግሞ «ሽብርተኝነት» የወንጀል ስም ሆነ፤ በ1969 መንግሥት በአደባባይ የፎከረበት ቃል ዜጋ የሚከሰስበት አንቀጽ ሆኖ ተመለሰ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ቢተካም ቃሉ እዚያው ቀርቷል። ከፍርድ ቤት ውጭ የድሮው አነጋገር አልጠፋም፤ የሐሰት ወሬ የሚያዛምት ሰው አሁንም «ሽብር ይነዛል» ይባላል።