የበስተር ኪተን ውድቀት፦ የድምፅ ፊልም ወይስ የስቱዲዮ አሠራር?

ስለ አሜሪካዊው ኮሜዲያን በስተር ኪተን ሲጻፍ የሚደጋገም ትረካ አለ፤ ድምፅ አልባው ፊልም አነገሠው፣ ድምፅ ያለው ፊልም ጣለው ይላል። ትረካው ለጆሮ ይጥማል እንጂ ከማስረጃው ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1895 ካንሳስ ውስጥ የተወለደው ኪተን ከተዋንያን ወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ያደገ ሰው ነው። አባቱ እያነሳ ሲወረውረው ተመልካች ይስቅ ነበር፤ ወድቆ ሲነሳ ፊቱን ካልፈታ ደግሞ ሳቁ እንደሚበረታ ያኔ ተረዳ። እንዲህ ያለ ሰው ተመልካች ፊት መናገር ሊያስፈራው አይችልም።

የጥበቡ ምስጢር ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። በ1920 ፕሮዲውሰሩ ጆሴፍ ሼንክ የራሱን ስቱዲዮ ሲሰጠው፣ ኪተንና ባልደረቦቹ ያለ ስክሪፕት ይሠሩ ጀመር። የታሪኩን መነሻና መድረሻ ይወስናሉ፤ መሐሉን ቀረጻው ላይ ያገኙታል። ሐሳብ ሲጠፋ ሥራውን አቁመው ቤዝቦል ይጫወታሉ። በ1928ቱ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል፤ የሚተርፈው ክፍቱ መስኮት በቆመበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ብቻ ነው። ግድግዳው እውነተኛ ክብደት ነበረው፤ ትንሽ ቢዛነፍ ይገድለው ነበር። ካሜራው ራቅ ብሎ ሁሉን ሳይቆርጥ የሚያሳየው ተመልካቹ ማታለያ አለመኖሩን በዓይኑ እንዲያረጋግጥ ነው። ለ«ዘ ጀነራል» (1926) ደግሞ ኦሪገን ውስጥ እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ላይ ወደ ወንዝ እንዲወድቅ አድርጓል። በእኔ ግምት የዘመኑ ምርጥ ኮሜዲ ይህ ነው፤ በወቅቱ ግን ገበያ አላገኘም፣ ብዙ ሐያስያንም አጣጣሉት።

በ1928 ኪተን ወደ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ተዛወረ። ቻርሊ ቻፕሊን እንዳይሄድ መክሮት ነበር። በአዲሱ ስቱዲዮ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ በአለቆች ይጸድቃል። «ዘ ካሜራማን» ላይ ጥቂት ነፃነት ስላገኘ ፊልሙ አማረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥልጣኑ ከእጁ ወጣ። እዚህ ላይ ወሳኙ ማስረጃ ይመጣል፦ ድምፅ ያላቸው ፊልሞቹ ትርፍ አስገኝተዋል። ተመልካቹ ድምፁን አልጠላም። የተበላሸው ሥራው ነው፤ በእንቅስቃሴ የሚያስበው ሰው ሌሎች የጻፉለትን የቃላት ቀልድ እንዲያነበንብ ተፈረደበት። መጠጥና የትዳር መፍረስ ተጨምረው በ1933 ተባረረ። እሱም በ1960 በታተመ ግለ ታሪኩ ወደዚያ መዛወሩን የሕይወቱ ትልቁ ስሕተት አድርጎ ቆጥሮታል።

የፈጠራ አቅሙ እንዳልነጠፈ ያሳየው ደግሞ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ተመልሶ ተቀጥሮ ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ ይፈጥር ነበር። በ1948 ለሬድ ስኬልተን በተሠራው «ኤ ሳውዘርን ያንኪ» ውስጥ ጀግናው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ግማሹ የሰሜን፣ ግማሹ የደቡብ ጦር በሆነ የደንብ ልብስ፣ ሁለት ገጹ እንዲሁ የተለያየ ሰንደቅ ይዞ ሁለቱ ሠራዊት መሐል ይራመዳል፤ ሁለቱም ወገን የራሱ ሰው መስሎት በደስታ ይጮኻል፣ ነፋስ ሰንደቁን እስኪገለብጠው ድረስ። የዚህ ትዕይንት ሐሳብ የኪተን ነው።