ዋግምት፦ ከመታገም በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ዋግምት ጫፉ በተበሳ የከብት ቀንድ፣ አሁን አሁን ደግሞ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ኩባያ፣ ቆዳን ስቦ ደም የማውጣት ባህላዊ ሕክምና ነው፤ በሙስሊሞች ዘንድ ሒጃማ ይባላል። አጋሚው ቀንዱን ለጥቂት ደቂቃዎች አጣብቆ ያነሣዋል፤ ያበጠውን ቆዳ በምላጭ በስሱ ጭሮ መልሶ ይደፋበታል። ክብ ሰንበሩ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። «መጥፎ ደም ወጣ» ቢባልም፣ የወጣው ያው በሰውነት የሚዘዋወረው ደም ነው።

ዋናው አደጋ ምላጩ ነው። ኤችአይቪና የጉበት ቫይረሶች ቢ እና ሲ በደም ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ በእንጦጦ ግርጌ መንደሮችም ሆነ በየካ መሀል የሚታገም ሰው ምላጩ ከነማሸጊያው ዓይኑ እያየ እንዲከፈት ይጠይቅ። ከሰው ሰው የሚዞር ቀንድ በውኃ ስለታጠበ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ነፍሰ ጡሮች፣ ደም ማነስ ያለባቸውና እንደ ዋርፋሪን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ባይታገሙ ይሻላል። ደሙ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ የካ ኮተቤ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።