ከጥንስስ ጋን እስከ በርበሬ ማሳ፦ ጠቃሚ ፈንገሶች በምዕራብ ጎጃም

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የፈንገስ ስያሜ ከመታወቁ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ሥራው ይታወቅ ነበር። ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ ገብሱን ነክራ በቅጠል ሸፍና ታበቅለዋለች፤ ከዚያም በፀሐይ አድርቃ ትፈጨዋለች፤ ብቅል የሚባለው ይህ ነው። በበቀለው እህል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ራሳቸው ሳያልቁ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ ፕሮቲኖች፣ ስታርቹን ሰባብረው ስኳር ያደርጉታል፤ ስኳሩን ደግሞ በብቅልና በጌሾ ጥንስስ ውስጥ የሚራባው እርሾ፣ ባለአንድ ሕዋስ ፈንገስ፣ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጋኑ አስቀድሞ በወይራ የሚታጠነውም ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን፣ ጭሱ መጠጡን የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ስለሚቀንስ ነው። የሙያው ምሥጢር እንግዲህ ጠቃሚውን ማራባትና ጎጂውን ማራቅ ነበር።

የፈንገስን ኢንዛይም ለፋብሪካ የማዋል ጥረት በሌላው ዓለም ትልቅ እርምጃ የተራመደው ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ ከሻጋታ ኢንዛይም የሚያወጣበትን ዘዴ በፓተንት ባስመዘገበ ጊዜ ነው፤ ታካሚኔ በውስኪ ጠመቃ የብቅልን ቦታ በሻጋታ ኢንዛይም ለመተካት ሞክሮ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካን ጦር የጥጥ ሸራ ካበሰበሱት ሻጋታዎች መካከል አንዱ ተለይቶ ተጠና፤ የእንጨትና የጥጥ ዋና አካል የሆነውን ሴሉሎስን የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት የሚያመነጨው ይህ ፈንገስ፣ ባጠናው በኤልዊን ሪስ ስም ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ።

የትራይኮደርማ ወገን ለተክል ጤና ያለው ጥቅም ግን ከዚያ ቀድሞ ታይቷል። ሪቻርድ ዋይንድሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው፣ ትራይኮደርማ ሥር በሚያበሰብሰው ፈንገስ ክር ላይ ይጠመጠማል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የሌላውን ፈንገስ የሕዋስ ግድግዳ በኢንዛይም አሟሙቶ እንደሚመገበው ገለጹ። ስለዚህ በፋብሪካ የሚፈለገውም በማሳ ተክሉን የሚጠብቀውም መሣሪያ ኢንዛይም ነው፤ ዓይነቱ ግን ሊለያይ ይችላል።

ይህ ጉዳይ ቡሬን፣ ወንበርማንና ጃቢ ጠህናንን በቀጥታ ይነካል፤ ከአሜሪካ አህጉራት የመጣው በርበሬ በእነዚህ ወረዳዎች የገበሬው ዋና የገንዘብ ምንጭ ከሆነ በኋላ፣ አጠውልግና ሥር አበስብስ በሽታዎች ክፉኛ ጎድተውታልና። ፍሬ የያዘው ተክል ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ፉዛሪየም በተባለው ፈንገስ የተያዘ ከሆነ ግንዱ ሲሰነጠቅ ውኃ አመላላሹ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ፉዛሪየም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ማሳውን ለአንድና ለሁለት ክረምት በበቆሎ ወይም በዳጉሳ ማፈራረቅ ብቻውን አያጠፋውም። የአገራችን ተመራማሪዎች ከቡና ሥር ዙሪያ አፈር የለዩአቸው የትራይኮደርማ ዝርያዎች የቡና አጠውልግን የሚያመጣውን ሌላ የፉዛሪየም ዝርያ እድገት በቤተ ሙከራ መግታታቸው፣ የበርበሬው ማሳም ረዳቱን ከገዛ አፈሩ ሊያገኝ እንደሚችል ተስፋ ይሰጣል።

ይሁንና ትራይኮደርማ እንደ ጥንስሱ ሕያው ነገር ነው፤ የታመመውን ተክል አያድንም፣ ይልቁንም ከበሰበሰ ፍግ ጋር በችግኝ መደብ ላይ ቀድሞ ገብቶ ሥሩን ከያዘ ይጠብቃል፤ እርጥበት፣ ምግብና ጊዜ ካጣም ሥራውን አይሠራም። ይህን ሥርዓት ከጋኑ ዘንድ ለትውልዶች ያወቀ ሕዝብ፣ በማሳውም ላይ እንዲሠራበት ተፈትኖ የተረጋገጠ ዝርያ በሕይወት ሊደርሰው ይገባል።